የዘይነብ ስሌትና የግራና ጎርፍ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አጠገቤ የምትተኛው ሚስቴ እንኳ አታውቅም፤ የበደልኩት ደግሞ እሷን ነው።

ግምገማና ስብሰባ በበዛበት በዚያ ዘመን፣ እኔና ዘይነብ ወልድያ አንድ ቢሮ እንሠራ ነበር። እሷ ዝናቡን አይታ ጎርፉ ምን ያህል ከፍ እንደሚል በኮምፒውተር ትተነብያለች፤ እኔ ግራና ወንዝ ወርጄ ውሃው በእውነት ምን ያህል እንደሞላ እለካለሁ። ሁለቱ ከተስማሙ፣ በስሌቷ መሠረት በገበሬው ማሳ ዳር መከላከያ ካብ ይሠራል።

ወድጃት ነበር። ስትስቅ አፏን በሻሿ ጫፍ ትሸፍናለች፤ ለዚያች ሳቅ ስል የማላደርገው አልነበረም።

ጎርፉ ሲመጣ ለካሁ። እሷ ካለችው እጅግ ይበልጣል። ስመለስ ቢሮው በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ገጠመ?» አለችኝ፤ ዓይኗ እየለመነኝ።

«ገጠመ» አልኳት።

ዋሸሁ። ልኬቱንም ከስሌቷ ጋር አስማምቼ ሰጠኋት። እሷ በደስታ አጨበጨበች፤ እኔ ደግሞ ስጦታ የሰጠኋት መስሎኝ ኮራሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ካቡ ተሠራ። በሚቀጥለው ክረምት ጎርፉ ካቡን ዘሎ የሸህ ሰይድን ማሽላ ጠራርጎ ወሰደው። ሸህ ሰይድ ለልኬት በወረድኩ ቁጥር ቤታቸው የሚያሳድሩኝ አዛውንት ነበሩ። ዘይነብ እጃቸውን ይዛ አለቀሰች።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ አባባ። አፉ ይበሉኝ።»

«አላህ ያመጣውን ማን ይመልሰዋል፣ ልጄ? ነፍስ ተርፏል፤ አልሐምዱሊላህ።»

እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። አፍ አልነበረኝም? ነበረኝ። በግምገማው ላይም ተነሥታ ጥፋቱን ለብቻዋ ስትሸከም እዚያው ተቀምጬ ነበር።

ሥራዋን ለቀቀች። ተጋባን፤ መርሳ ላይ ጨርቅ ቤት ከፈተች። እውነቱን ነግሬያት ቢሆን ስሌቱን ታርመው ነበር። ስህተቷን ስታገኝ ከልቧ ደስ የሚላት ሰው ነበረች።

በቀደም ልጃችን የሒሳብ የቤት ሥራዋን ይዛ ወደ እናቷ መጣች። «አባትሽን ጠይቂው፤ እኔ ስሌት አይሆንልኝም» አለቻት፣ እየሳቀች። ይህን እንድታምን ያደረግኋት እኔ ነኝ።

ሸህ ሰይድ አርፈዋል፤ አፉ ይበሉኝ ልላቸው አልችልም። ለዘይነብ ግን ዛሬ ሱቋን ዘግታ ስትመጣ እነግራታለሁ። «ወድጄሽ ነው» አልላትም፤ እውነት ቢሆንም አልላትም። የምትለኝን ሁሉ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።