ቆቡ ያልወለቀ ብልቃጥ

ኮምቦልቻ ውስጥ ጣይባ ሰይድን የማይፈራ ሰው ካለ፣ ያ ሰው ታሞ አያውቅም ማለት ነው። ወላሂ! ሐኪም አልነበረችም፣ ነርስም አልነበረችም፤ የጤና ጣቢያው ጽዳት ነበረች። ግን መጥረጊያዋን ይዛ በሩ ላይ ስትቆም ሕመምተኛው የመጣበትን በሽታ ይረሳ ነበር።

የተወለደችው ቢስቲማ ነው። ተድራ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ገባች። ባሏ በስልሳ ዘጠኝ ሚሊሻ ሆኖ ዘመተ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። እሷም አንድ ክሊኒክ በጽዳት ተቀጠረች። አንድ ቀን ቆሻሻ ስታቃጥል ከእሳቱ ውስጥ የመድኃኒት ብልቃጥ ፈነዳና ስባሪው ግራ ቅንድቧ ላይ ተሰካ። የሰፏት ሲስተር ወለተ ማርያም የሚባሉ አሮጊት ነርስ ነበሩ። እየሰፉ ይቆጧታል።

"አንቺ ልጅ፣ ብልቃጥ ቆቡን ሳታወልቂለት እሳት ውስጥ ይጨመራል? የታፈነ ነገር ሲሞቀው ይጮኻል እኮ!"

ቆብ ያሉት የላስቲኩን ክዳን ጥብቅ አድርጎ የሚይዘውን ቀጭን ቆርቆሮ ነው። ጣይባ ይህን ቃል እንደ አደራ ያዘችው። ወደ ኮምቦልቻ ስትዛወር ከልብሷ በፊት የጠቀለለችው ቆብ መንቀያ ጉጠቷን ነበር። እያንዳንዱን ብልቃጥ ቆቡን ትነቅላለች፣ ላስቲኩን ታወጣለች፣ ጠርሙሱን ሰባብራ ጉድጓድ ውስጥ ትቀብራለች። መርፌው ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል። የምታቃጥለው ደም የነካውን ጥጥና ፋሻ ብቻ ነው። ማን አዘዛት? ማንም!

ለዚህም ነው ከተማው የጠላት። ያን ጊዜ የፔኒሲሊን ብልቃጥ ማለት ለሴቱ ሁሉ የኩል ዕቃ ነበር፤ ትንሽ፣ ንጹሕ፣ ክዳኑ የማያፈስ። በየቀኑ ይመጡባታል።

"እቴ ጣይባ፣ አንዲት ብልቃጥ ለኩሌ?"

"ዓይንሽ ካስጠላሽ በእሾህ ጓጉጪው። ስንት ሰው የተወጋበት መርፌ ገብቶ የወጣበትን ልስጥሽ?"

"ኧረ አጥቤው ነው!"

"እጅሽን ታጥበሽ ሂጂ።"

"ንፉግ!"

"አዎ፣ ንፉግ ነኝ። በሩ ያ ነው!"

እሷ የከለከለችውን የሚሰጥ ደግሞ ነበር። መርፌ ወጊውና ቁስል አጣቢው፣ ድሬሰር ደምመላሽ! ነጭ ጋወኑ ኪስ ውስጥ ብልቃጥ አይጠፋም፤ ለቆንጆዎቹ ያድላል። የወጋበትን መርፌ ግን እንደ ሲጋራ ቁራጭ የትም ይጥለዋል። የጣለው መርፌ ጣይባን ሁለቴ ወግቷታል፤ አንዴ መዳፏን፣ አንዴ ተረከዟን። እኔ ካርድ ክፍል ነበርኩና ጭቅጭቃቸውን በመስኮት እሰማለሁ። ሥራ ፈትቼ ነበር የምሰማው፣ ምን እደብቃለሁ!

"መርፌውን ቆርቆሮው ውስጥ ክተተው አላልኩህም?"

"እኔ ኮርስ ወስጄ የመጣሁ ሰው ነኝ። መሠረተ ትምህርት ሦስት ጊዜ የወደቀች ሴት ሕክምና ልታስተምረኝ ነው?"

"ኮርሱ እጅ አልሰጠህም? ቆርቆሮው ሁለት እርምጃ ላይ ነው ያለው!"

"መሃይም!"

"ሰነፍ!"

ይህ የጠዋት ሰላምታቸው ነበር።

በሰባ ሦስት፣ በኅዳር ወር፣ ከደሴ ተቆጣጣሪ ነገ ይመጣል ተባለ። መጋዘኑ ውስጥ ጊዜው ያለፈበት አንድ ካርቶን መድኃኒት ተቀምጧል፤ እንዳይታይ ተፈለገ። ጣይባ አንሶላ ልታጥብ ቦርከና ወንዝ ወርዳለች። ደምመላሽ ካርቶኑን እንዳለ ከነብልቃጡ ማቃጠያው ጉድጓድ ውስጥ ከተተና ጋዝ አርከፍክፎ ክብሪት ጫረ።

ጧ!

ከዚያ ጧ፣ ጧ! ከዚያማ ጧጧጧጧ!

ያን ጊዜ ተኩስ የሰማ ሰው "ምንድን ነው?" አይልም፤ "ማንን?" ነው የሚለው። ሕመምተኛው ሁሉ ወለሉ ላይ ተነጠፈ። ክንዱ ተሰብሮ ከኩታበር የመጣ አንድ ገበሬ ጀሶውን እንዳንጠለጠለ አጥር ዘለለ! እኔ ራሴ ከካርድ መደርደሪያው ስር ነበርኩ። ብዙም ሳይቆይ አብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃ አቀባብለው ግቢውን ሞሉት። ከኋላቸው የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ብሩ መጣ።

"ጥይት እሳት ውስጥ የጨመረው የትኛው አናርኪስት ነው?"

ደምመላሽ ከንፈሩ ነጣ። "ጥይት አይደለም ጓድ፣ መድኃኒት ነው። ጽዳቷ ናት! አቀጣጥላ ወደ ወንዝ ወረደች።"

"የመንግሥት መድኃኒት አቃጥላ ሕዝብ አሸበረች? ይሄ አሻጥር ነው!"

እኔን ጠርቶ ወረቀት አስያዘኝ። "ጣይባ ሰይድ፣ አሻጥረኛ" ብዬ ጻፍኩ። በዚያ ዘመን በዚህ ቃል እስር ቤት የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ አልነበረም። ይህን እያወቅሁ ጻፍኩት።

ጣይባ እርጥብ አንሶላ ተሸክማ በበሩ ስትገባ ሁለት ጠመንጃ ደረቷ ላይ ተደቀነ። ነገሩን ነገሯት። እንደምታለቅስ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን አንሶላውን መሬት ላይ ዘረገፈችውና ቀጥ ብላ ወደ ጉድጓዱ ሄደች። "ቁሚ!" አሏት፤ አልቆመችም። በእንጨት ከዳር ጫረችና ሳይፈነዱ የቀሩ ሦስት ብልቃጦች አወጣች። ጠቁረዋል፤ ቆባቸው ግን እንደታሰረ ነው።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህን ያዩታል? ቆቡ አልወለቀም።"

"ቢወልቅ ባይወልቅስ?"

"ካልወለቀ ይጮኻል። እኔ በሕይወቴ ቆቡን ሳልነቅል የጣልኩት ብልቃጥ የለም። እኔ የምቀብርበትን ጉድጓድ ያስቆፍሩ፤ ቆቡ ያልወለቀ አንድ ብልቃጥ ከተገኘ እዚሁ ይረሽኑኝ።"

አስቆፈረ። የጠርሙስ ስባሪ ብቻ ነው። በአጥሩ ዳር ሰው ተኮልኩሏል፤ የኩል ዕቃ የተከለከሉት ሴቶችም አሉበት። ከመካከላቸው ሸዋረጋ የምትባለው ጠጅ ሻጭ፣ "ይህቺ ንፉግ እንኳን ካርቶን ሙሉ፣ አንዲት ብልቃጥ ሳትሰባብር አትጥልም! እኔ ነኝ የማውቃት!" ብላ ጮኸች። ስድብም ምስክርነትም ነበር።

ጓድ ብሩ ወደ ድሬሰሩ ዞረ።

"ጓድ ደምመላሽ፣ ያቃጠልከው አንተ ነህ?"

ደምመላሽ የጋወኑን ኪስ ይዳብስ ጀመር።

ጣይባ ጠጋ አለችው። "እኔ ልጠይቀው። አንተ ኮርስ የወሰድክ ባለሙያ ነህ። ብልቃጥ ቆቡ ሳይወልቅ እንደሚፈነዳ ታውቅ ነበር? ካወቅህ አውቀህ ነው ከተማውን ያሸበርከው። አሻጥረኛው አንተ ነህ። ካላወቅህ ደግሞ አላውቅም በል።"

አቤት ያን ጊዜ የደምመላሽ ፊት! ወደ ጠመንጃው ያያል፣ ወደ አጥሩ ያያል። ብልቃጥ ያደላቸው ቆንጆዎች ሁሉ እዚያ ናቸው።

"አላውቅም ነበር" አለ በለሆሳስ።

"ጮክ በል!" አለ ጓድ ብሩ። "ሰፊው ሕዝብ አልሰማም።"

"አላውቅም ነበር!"

ሰፊው ሕዝብ ሳቀ። ከወለል የተነሱት ሕመምተኞች ሳይቀሩ ሳቁ።

ጓድ ብሩ ጠመንጃውን ዝቅ አስደረገና "በቃ፣ ወደ ሥራሽ" አላት። ጣይባ አልተንቀሳቀሰችም።

"ወረቀቱ ላይ ስሜ አለ። ይሰረዝ።"

ሰረዝኩ።

"አንብበው።"

አነበብኩ። ሁለተኛ አስነበበችኝ። ሦስተኛ ጊዜ ካነበብኩ በኋላ "አንተም ጽፈሃል" አለችኝ፣ ዓይኔን እያየች።

ሰዉ ሲበተን ደምመላሽ ተከተላት። ክርስቲያን ነው፤ ግን በሙስሊሞቹ ቃል፣ አንገቱን ደፍቶ፣ "እት ጣይባ፣ አውፍ በይኝ" አላት። ወሎ ውስጥ አውፍታ፣ ማለትም ይቅርታ፣ የተጠየቀ ሰው እንቢ ማለት ይከብደዋል፤ ሽማግሌም ሳይገባበት ነው ልብ የሚቀዘቅዘው።

"አውፍታ የሚጠይቀው አውቆ ያጠፋ ነው" አለችው። "አንተ አላውቅም ብለሃል። የቱን አውፍ ልበልህ?"

አንሶላውን ሰበሰበችና እንደገና ልታጥብ ወደ ቦርከና ወረደች።

ደምመላሽ በሦስተኛው ወር ዝውውር ጠይቆ ሄደ። እስከዚያ ድረስ ግን በየቀኑ የወጋባቸውን መርፌዎች በቆርቆሮ፣ ብልቃጦቹን ደግሞ ቆባቸውን አውልቆ በሳህን አድርጎ፣ በሯ ላይ ያስቀምጥላት ነበር። ጣቱ ሁሉ በቆርቆሮው ተቆራርጦ በፕላስተር ተለብዷል። እሷ ታነሳለች፣ አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ አድርጋ ታያለች፣ ወደ ጉድጓዷ ትሄዳለች። አንድም ቀን አላህ ይስጥልኝ አላለችውም።