ባሪሻ የበላው ጠቦት

ወንድሜ ባሪሻ የማዕዘን ምት በላዩ ሲሻማ ዓይኑን ጨፍኖ የማያውቅ ተከላካይ ነበር ይባላል። እውነት ነው፤ እኔ እህቱም ከሜዳው ዳር ቆሜ አይቼዋለሁ። ግንባሩ ተሰፍቷል፤ አፍንጫውን ወደ ግራ ያዞረው የአንድ አጥቂ ክርን ነው። የሚወራለት ሁሉ ውሸት ነው ብዬ ብገላገል ደስ ይለኝ ነበር። ግን በወጣትነቱ እንደዚያ ነበር፤ የሚያቃጥለኝም እሱ ነው።

የተወለድነው ድራጋ የሚባል መንደር ነው፣ ከባሕሩ ጀርባ፣ ድንጋይና ነፋስ ብቻ ባለበት በኩል። እናታችን ስትታመም ከሁለት አንዳችን ቤት መቅረት ነበረብን። እሱ እግር ነበረው፣ እኔ የሚያኮራ ነገር አልነበረኝም። ስለዚህ እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወጣሁ፤ እሱ ባሕሩ ዳር ወዳለችው ከተማ ሄዶ ለአንደኛ ዲቪዚዮን ቡድን ፈረመ። ያስገደደኝ ሰው የለም፤ የጠየቀኝም የለም።

ስሙን ያስጠራው ጎል አይደለም፤ ጎል ማግባት አያውቅበትም ነበር። አንድ ዓመት በውድድሩ ማብቂያ ላይ የቡድኑ ሰዎች ለተጋጣሚያቸው ጨዋታ ሊለቁ ተስማሙ። ለባሪሻም ሹክ አሉት። እሱ እንዳልሰማ ሆኖ ሜዳ ገባ። የራሱ በረኛ ኳሷን ሆን ብሎ ሲያሳልፋት ከመስመሩ ላይ ተወርውሮ አወጣት፤ ከዚያ ተነስቶ በረኛውን በሕዝብ ፊት በጥፊ አጮለው። ቀይ ካርድ ተሰጠው። ጥፊው ሲያርፍ የተነሳውን ፎቶ ጋዜጣ አወጣው። ፎቶው ዛሬም በስላቭካ ካፌ ግድግዳ ላይ ነው፤ ዝንብ እያቆሸሸው። የድራጋ ሰው ሌላ ቦታ ሄዶ ከየት ነህ ሲሉት፣ «ባሪሻ ከተወለደበት» ይል ነበር። እኔም ሳህን እያጠብኩ ያቋረጥኩት ትምህርት ሲቆጨኝ፣ ያችን ጥፊ አስብና ይሁን እላለሁ።

ከዚያ ጀርመን ሄደ፤ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ተጫወተ፤ ጉልበቱ ተሰበረ። ሚስቱ ልጃቸውን ይዛ እዚያው ቀረች፣ እሱ ሻንጣውን ይዞ እኔ ዘንድ መጣ። የድራጋ ቡድን አሰልጣኝ አድርገው ሾሙት። ሆድ አወጣ፤ ድምፁ ግን ያው ነበር። «ተከላካይ በሩን አይለቅም!» እያለ ሲጮህ እቤት ድረስ ይሰማኛል።

ይህን ቃል ከልቡ የያዘለት አንድ ሰው ነበር፤ ፍራኔ። ጠዋት የዳቦ ቤቱን መኪና ይነዳል፤ ከሰዓት በኋላ ይከላከላል። ቀጭን ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ ባሪሻ ሲናገር እንደ ቄስ ስብከት ነበር የሚሰማው።

በእኛ ዘንድ ልጅህን ክርስትና ያነሳ ሰው ከወንድም ይበልጣል። አበልጅ ማዕድ ላይ የለመነህን ነገር፣ በልተህ ከተነሳህ፣ እሺ ብለሃል ማለት ነው። እምቢ ማለት የፈለገ ሰው ሳይቀምስ ይነሳል፤ አበልጁ ይቀየመው ይሆናል እንጂ ማንም አይፈርድበትም። ባሪሻም ይህን ያውቃል።

የባሪሻ አበልጅ ግርጎ ነው፣ ከወንዙ ማዶ የፖድብርዶ ቡድን ፕሬዚዳንት፣ የድንጋይ ካባ ባለቤት። የመጨረሻው ጨዋታ እሁድ ከእነሱ ጋር ነበር። አርብ ዕለት የተጠበሰ ጠቦት በወረቀት ጠቅልሎ መጣ።

«አበልጄ! በሩን ክፈት፣ እጄ ተቃጠለ!»

«አርብ መሆኑን ረሳኸው?» አልኩት እኔ።

«ጠቦቱ የሞተው ሐሙስ ነው፤ ኃጢአቱም የሐሙስ ነው። ይልቅ ቢላዋ አምጪ፣ ማንዳ። ይሄ ወንድምሽ ከስቷል።»

«እሱ? ሁለት ወንበር ነው የሚይዘው።»

«ምላስሽ እኮ አላረጀም!»

ወረቀቱን ፈታው። ስቡ ገና ትኩስ ነው፣ ይንጠባጠባል፤ ጭንቅላቱም አብሮ አለ፣ ጥርሱ ወጥቶ። ባሪሻ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። አልነካውም።

«እሁድ አንተ የምታጣው የለህም» አለ ግርጎ። «አንደኛ አትወጣ፣ አትወርድ። እኔ ግን ነጥብ ካላገኘሁ ፖድብርዶ ወረደ። አባቴ ያቋቋመው ቡድን ነው።»

«ተጫውተህ አግኛታ።»

«በማን ልጫወት? አጥቂዬ ኳስ ሲያይ እንደ ላም ያፈጣል። አንድ አቻ ብቻ። ያንን ፍራኔህን ከዕረፍት በኋላ አስቀምጥልኝ፣ ሌላውን እኛ እንጨርሰዋለን።»

ባሪሻ ሳህኑን በጣቱ ትንሽ ገፋ። ሊነሳ ነው አልኩ።

«ልጅህን ያቀፈው ይሄ ክንድ ነው» አለ ግርጎ እጅጌውን እየሰበሰበ። «ውሃው ሲፈስባት ሸንታብኛለች፣ ስቄ ነው ያለፍኩት። አንድ ነገር ለምኜህ አውቃለሁ?»

ባሪሻ እጁን ዘረጋና ጎድን ገነጠለ።

«ባሪሻ» አልኩት፣ «ፎቶህን ከስላቭካ ካፌ ላምጣልህ? አጠገብህ አቁመኸው ትበላለህ።»

«ሴትዮ፣ ሽንኩርት አምጪ» አለኝ።

አመጣሁ። ምን ላድርግ? ስቡ በአገጩ ወርዶ አንገቱ ላይ ሲቆም፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ሲመጥ፣ አጥንቱን ሰብሮ ቅልጥሙን ሲስብ ቆሜ አየሁ። ከጨረሰ በኋላ የጠቦቱን ጭንቅላት አገላብጦ ምላሱን ፈለገ። ውጭ ወጥቼ ምራቄን ተፋሁ።

እሁድ እንደ ልማዴ የቡድኑን ማልያ ለእጥበት ልሰበስብ ሜዳ ነበርኩ። ገና ጨዋታው ሳይጀመር ግርጎ ከሜዳው ጀርባ እሳት አስነድዶ ሌላ ጠቦት በእንጨት ላይ ያዞር ነበር። ሽታውን የሳበ ሁሉ ነገሩ ገባው፤ ያልገባው ፍራኔ ብቻ ነው። ከዕረፍት በፊት በጭንቅላቱ ገጭቶ ጎል አገባ፣ አንድ ለባዶ፤ ወደ ባሪሻም ሮጦ ሄዶ አቀፈው። ባሪሻ ጀርባውን መታ መታ አደረገው፤ ወዴት እንደሚያይ ግን ጠፍቶት ነበር።

በዕረፍት የልብስ መቀየሪያው በር ክፍት ነበር። እኔ ቅርጫቴን ይዤ ደጁ ላይ ነኝ።

«ፍራኔ፣ አንተ ተቀመጥ» አለ ባሪሻ።

«ምነው አለቃ? ምን አጠፋሁ?»

«ደክመሃል።»

«ላብ እንኳ አልወጣኝም!»

ከጥግ አንዱ ሳቀ። «ዝም ብለህ ተቀመጥ እባክህ፤ ጎድኑ ለአንተም ይደርስሃል።»

ፍራኔ ዞሮ ሁሉንም አያቸው። አንድም ቀና ያለ የለም። ነገሩ ቀስ ብሎ ገባው።

«አለቃ፣ በረኛውን በጥፊ ያጮልከው አንተ ነህ አይደል? ወይስ ሌላ ባሪሻ ነው?»

ባሪሻ በእጁ ጀርባ አፉን ጠረገ።

«እሱ ልጅነት ነበር» አለ።

በሁለተኛው አጋማሽ በፍራኔ ቦታ የቆመው ሰው እንደ ግንድ ቆመ። የፖድብርዶ የማዕዘን ምት ተሻማ፤ ያ እንደ ላም የሚያፈጠው አጥቂ ብቻውን በጉልበቱ አስገባት። አንድ ለአንድ። ማንም አልጮኸም። ከአጥሩ ዳር ሽማግሌው ያኮቭ ብቻ፣ «ባሪሻ! ጨው ላቀብልህ?» አለው። ሰው ሳቀ። ባሪሻም አብሮ ሳቀ፤ ከሁሉ የከፋው ይሄ ነበር።

ጨዋታው ሲያልቅ ሁለቱ ቡድኖች አንድ ላይ ሆነው በሉ። ባሪሻን ጠረጴዛው ራስ ላይ አስቀመጡት። ፍራኔ ማልያውን አጣጥፎ አመጣልኝ።

«አክስቴ ማንዳ፣ ይሄ አልቆሸሸም፤ አይልፉበት» አለኝና በወንዙ በኩል ሄደ። ዳግመኛ ለድራጋ አልተጫወተም። አሁን ጠዋት ዳቦ ሲያመጣ ከረጢቱን በሩ ላይ ሰቅሎ ይሄዳል። ድሮ ግን ባሪሻ እስኪነቃ ይጠብቅ ነበር፣ ስለ ትናንቱ ልምምድ ሊጠይቀው።

በማግስቱ ባሪሻ ጃኬቱን ወንበር ላይ ጣለልኝ።

«ማንዳ፣ እድፉ ይለቃል?»

«ስብ ነው፣ በፈላ ውሃ ይለቃል» አልኩት። አጠብኩለትም። እኔ ካላጠብኩ ማን ያጥብለታል።

ፎቶውን ማንም አላወረደም። የካፌው ባለቤት ስላቭካ፣ «ግድግዳው ላይ ነጭ ቦታ ይቀራል፣ ደግሞ ቀለም ልቀባ ነው?» አለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ባሪሻ ከሥሩ ይቀመጥና ለመንገደኛ ያችን ታሪክ ያወራል፤ ሹክሹክታውን፣ መስመሩን፣ በረኛውን። ጥፊው ጋ ሲደርስ እጁን ያነሳል። ያኔ የመንደሩ ሰው ሁሉ ብርጭቆው ውስጥ ያያል። ግርጎ ብቻ ጠረጴዛውን እየደበደበ፣ «ጀግና እኮ ነው አበልጄ!» ይላል።