የካፒቴን አልቪን መብራቶች

ማለዳ ሱቄን ልከፍት ስመጣ ጀልባ ማሰሪያው ላይ የተንበረከከ ሰው አየሁ። ጎህ ገና መቅደዱ ነበር። ሰውየው የተንበረከከው ካፒቴን አልቪን ኩባላ ጀልባቸውን በሚያስሩበት ቦታ ስለነበር መጀመሪያ ተንኮል መሰለኝ። የእኛ ሰፈር ጀልባ ነጂዎች የአንዱን ገመድ መፍታት፣ የሌላውን ባርኔጣ ምሰሶ ላይ መስቀል ይወዳሉ። ቀረብ ስል ኮዋ ዳኦ መሆኑን ለየሁት። ኮዋ እንደ ካፒቴን አልቪን ሁሉ እንግዶችን በጀልባ እየወሰደ ዓሣ የሚያስወጋ መሪ ነው። በዕድሜ ልጃቸው ይሆናል፤ በእንግዳ ግን ይሻማሉ፣ በተገናኙ ቁጥርም ይተራረባሉ።

ሰፊ ነጭ ፕላስተር ይዞ የመረማመጃው ሳንቃ ጫፍ ላይ፣ ልክ ሰው ወደ ጀልባ በሚወርድበት ቦታ፣ ይለጥፍ ነበር። ለጥፎ ሲጨርስ በመዳፉ አሸት አሸት አደረገው። ምሰሶውም ላይ ዙሪያውን ጠመጠመበት። ከዚያ ጥቅሉን ኪሱ ከትቶ ወደ ራሱ ጀልባ ሄደ። እኔን አላየኝም።

ጥቂት ቆይተው ካፒቴን አልቪን መጡ። ነጩ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። በጫማቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። ከዚያ እንደ ሰሞኑ ምሰሶውን ሳይዳብሱ፣ እንደ ድሮው ቀጥ ብለው ጀልባዋ ውስጥ ወረዱ።

ዓይናቸው እየከዳቸው መሆኑን ያወቅሁት ያን ማለዳ ነው። የመብራቶቹም ነገር የገባኝ ያኔ ነው።

እዚህ የቴክሳስ ዳርቻ ላይ እንግዳ ሁሉ የሚመጣው ለፍላውንደር ነው። ፍላውንደር እንደ ሰሃን የጠፈጠፈ ዓሣ ነው። ሲመሽ እስከ ጉልበት ወደማይደርስ ውሃ ይጠጋና አሸዋ ለብሶ ይተኛል። ከላይ የሚታየው የገላው ጠርዝና ሁለቱ ዓይኖቹ ብቻ ናቸው። መሪው ጀልባው ፊት ላይ መብራት አብርቶ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ ያያል፣ ያሳያል፣ እንግዳው በጦር ይወጋል። የተወጋ ዓሣ ተመልሶ አይለቀቅም። ስለዚህ መጠኑ ለሕጉ መብቃቱን ገና ውሃ ውስጥ እያለ በዓይን መለካት ያስፈልጋል። ሥራው ሁሉ ዓይን ነው።

ካፒቴን አልቪን በየዓመቱ ጀልባቸው ላይ መብራት ይጨምሩ ነበር። ኮዋ ደግሞ በዚህ አይለቃቸውም።

"ካፒቴን፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ሊድሩ ነው? ጀልባዎ እኮ የሰርግ ድንኳን መሰለች!"

"አንተን ልድርህ ነበር፤ እሺ የምትል ሴት ጠፋች።"

"በእርስዎ መብራት የተነሳ የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ እንቅልፍ አጥቷል።"

"አንተ ባለ አንድ ሻማ! ዓሣውን ትወጋለህ ወይስ ታስጸልየዋለህ?"

እኛም እንስቃለን። መብራቱ የሚጨመረው ብርሃኑ እያነሰባቸው ስለሄደ መሆኑን ማን ያስባል?

ካፒቴን አልቪን የባሕር ልጅ አይደሉም። ወላጆቻቸው ወደ መሃል አገር ሩዝ የሚያርሱ የቼክ ተወላጆች ነበሩ። በጎረምሳነታቸው ከአባታቸው ጋር ተጣልተው ወደ ባሕረ ሰላጤው ወረዱ፤ ሽሪምፕ በሚያጠምድ ጀልባ ላይ መረብ ጎታች ሆነው ተቀጠሩ። ሚስታቸውን ቨርሊንን ያገኟት ኦይስተር የሚባለው የባሕር ፍጥረት ከቅርፊቱ በሚፈለፈልበት ቤት ስትሠራ ነው። ልጅ አልሰጣቸውም። ኋላ የራሳቸውን ጀልባ ገዝተው እንግዳ መምራት ሲጀምሩ፣ ስልክ እያነሳች ቦታ የምትይዘው ቨርሊን ሆነች። ወጥ ቤቷ ውስጥ ቆማ፣ የስልኩ ገመድ አንገቷ ላይ እንደ ሻርፕ ተጠምጥሞ፣ የደወለውን ሁሉ እንደ ንስሐ አባት ትመረምረዋለች።

"ባልና ሚስት ናችሁ? ትጣላላችሁ? ከተጣላችሁ የየራሳችሁን ቀን ያዙ፤ ጀልባዋ ጠባብ ናት፣ ጦር ደግሞ አለ።"

ቨርሊን ካረፈች በኋላ ስልኩ ባዶ ቤት ውስጥ ይጮህ ጀመር። ካፒቴን አልቪን ወደ እኔ ሱቅ አዞሩት። እኔ የዓሣ ማጥመጃ ምግብና በረዶ እሸጣለሁ፤ ገበያ ሲቀዘቅዝ ባንኮኒው ላይ መጽሐፍ ዘርግቼ አነባለሁ። ከእሳቸው ጋር መውጣት የሚፈልግ ለእኔ ይደውላል፣ እኔ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ እጽፋለሁ። እንደ ቨርሊን መመርመር አልችልበትም። "እግዚአብሔር ያድርሳችሁ" ብዬ ብቻ እዘጋለሁ።

ከእሷ ወዲህ የካፒቴን አልቪን ዘመዶች እነዚያ የሚደውሉ ሰዎች ናቸው። ለጉዞ ሲነሱ ከዳቦ ቤቱ ኮላቼ ይገዛሉ፤ መሃሉ ላይ አፕሪኮት ማርማላታ ያለበት የአገራቸው ጣፋጭ ዳቦ። ሁልጊዜ ከእንግዶቹ ቁጥር በላይ ነው የሚገዙት። ደግሞ ከጉዞ መልስ ዓሣውን ሲያጸዱ በዳርቻው ሁሉ እንደ እሳቸው የሚንቀረፈፍ የለም። ቢላውን ይስላሉ፤ ያስቀምጡታል፤ እንደገና ይስላሉ። ስለ እንግዳው እናት ይጠይቃሉ፤ አምና ስለታመመው ውሻ ይጠይቃሉ። ሰዎቹ እያዛጉ ይቆማሉ። ብቻቸውን ሲሆኑ ግን አንዱን ዓሣ በዓይን ጥቅሻ አጽድተው ሲነሱ በሱቄ መስኮት አይቻቸዋለሁ።

ከፕላስተሩ በኋላ አንድ ቀን በረዶ ሊወስዱ ሲመጡ ጠየቅኳቸው።

"ካፒቴን፣ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄደው ነበር? ምን አለዎት?"

"ቆንጆ ዓይን አለህ አለኝ።"

"ሌላስ?"

"ሌላውን አልሰማሁትም። ጆሮዬም እንደ ዓይኔ ቆንጆ ነው።"

"እየቀለድኩ አይደለም። ሰው ሲደውል ቦታ መያዙን ላቁመው?"

የበረዶውን ከረጢት ባንኮኒው ላይ መልሰው አስቀመጡት።

"ካቆምሽው ሲመሽ ምን ልሠራ ነው ኖርማ? ከቴሌቪዥኑ ጋር ልጨቃጨቅ? ቤት ስገባ እኮ 'እንዴት አመሸህ' የሚለኝ ማቀዝቀዣው ብቻ ነው። እሱም እየተንቀጠቀጠ።"

ሳቅን። ከረጢቱን አንስተው ወጡ። በሩ ጋ ደረጃውን በእግራቸው ሲፈልጉ አየሁና ፊቴን አዞርኩ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ስለ እሳቸው ጸለይኩ፤ ሰኞ ደግሞ ስልኩ ሲደወል ቦታ ያዝኩ። ሌላ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር።

የደወለችው ኦፊሊያ ካንቱ ነበረች። ኦፊሊያና ታናሽ እህቷ ግራሲዬላ ከሳን አንቶኒዮ ናቸው። ኅዳር ገብቶ ፍላውንደር መውጋት ከመከልከሉ በፊት በየዓመቱ ይመጣሉ፤ በየዓመቱም እየተነታረኩ መጥተው እየተነታረኩ ይመለሳሉ።

"ሽማግሌው ደህና ነው?"

"ደህና ናቸው፣ ተመስገን።"

"እንግዲያው ሦስት ቦታ ያዥ። እኔ፣ የእህታችን ልጅ፣ ሦስተኛው ደግሞ ለግራሲዬላ ምላስ።"

ከጀርባ ግራሲዬላ ስትጮህ ተሰማኝ፤ "የእሷን ምላስ በሌላ ጀልባ ይጫኑላት በይልኝ!"

በቀኑ የእህታቸው ልጅ ቀረች። ኦፊሊያ ሱቄ ገብታ እጄን ያዘችኝ። "ቦታው ባዶ ከሚሄድ ነይ፤ እህቴን አብረሽኝ ትችያለሽ።" ሱቁን ዘግቼ ሄድኩ። ለዓሣው አልነበረም። ፈርቼ ነበር።

ነፋሱ ቆሟል። ውሃው መስታወት ነው። ካፒቴን አልቪን ኮላቼውን አደሉና መብራቶቹን አበሩ። እህትማማቾቹ ዓይናቸውን ሸፈኑ። ወደ ጥልቀት አልባው ዳርቻ ተጠግተን ስንሄድ ካፒቴን "እዚያ ጋ!" ብለው ራሳቸው በጦሩ ወጉ። ጦሩ አሸዋ ላይ ተተከለ፤ ምንም አልነበረበትም።

ፍላውንደር ተኝቶ ሲነሳ መኝታው አሸዋው ላይ ይቀራል፤ ቅርጹ ከእነ ክንፉ ታትሞ ይታያል። መሪ የሆነ ሰው ያን ሲያይ "እዚህ ነበር፣ ሄዷል" ብሎ ያልፋል። ይህን ለእንግዳ ሁሉ ሲያስተምሩ የኖሩት እሳቸው ናቸው። የወጉት ባዶ መኝታ ነበር።

"ምን አገኙ ካፒቴን?" አለች ግራሲዬላ።

"አሸዋ። ግን ትኩስ አሸዋ ነው።"

ሳቁ። ጀልባዋ ሆዷ መሬት ሲነካ ወርደን በእግር መሄድ ጀመርን። ሁላችንም የአገሩን ነጭ የላስቲክ ቦት ተጫምተናል። ካፒቴን አልቪን የእጅ መብራታቸውን ወደ ውሃው አዘንብለው ከፊት፣ እህትማማቾቹ ከጎናቸው፣ እኔ ከኋላ ነኝ። ግራሲዬላ ቆማ ውሃው ላይ ታጎነብሳለች። የቦቷ አፍንጫ ጭቃ ውስጥ ገብቷል፤ ከጭቃው በላይ የሚታየው የነጣ፣ የተለጠጠ ነገር ብቻ ነው። ካፒቴን አልቪን ቆሙ። ጦሩን ቀስ ብለው አነሱ።

"ካፒቴን!" አልኩ።

"ካፒቴን፣ እሱ እግሬ ነው!" አለች ግራሲዬላ እየሳቀች። "ሊጠብሱኝ ነው እንዴ?"

"ይውጉት!" አለች ኦፊሊያ። "መጠኑ ለሕጉ ከበቂ በላይ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እግሯ ትልቅ ነው!"

ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ። ቀልድ መስሏቸዋል። ካፒቴን አልቪንም ሳቁ፣ ግን ዘግይተው። ከዚያ ጦሩንና የእጅ መብራቱን ለኦፊሊያ አቀበሏት።

"ዛሬ አንቺ ነሽ መሪ።"

"እኔ?"

"አንቺ። ማጉረምረም የምትችል ሴት ዓሣ ማየት አያቅታትም።"

ከዚያ በኋላ እጃቸውን ከኪሳቸው አላወጡም። ኦፊሊያ ግን የሚገርም ዓይን አላት። ሁለት ትልልቅ ፍላውንደር ራሷ አይታ ራሷ ወጋች። ግራሲዬላ "ሳን አንቶኒዮ እስክንገባ ይህን ልሰማ ነው" እያለች አማረረች።

ማጽጃው ጠረጴዛ ጋ ስንደርስ በረዶ ላመጣ ሱቅ ገባሁ። ስመለስ ካፒቴን አልቪን ጨርሰው እጃቸውን ይታጠባሉ። ሁለቱ ዓሦች ጸድተው ተጠቅልለዋል። ስለ ማንም እናት አልጠየቁም። "በደህና ግቡ" ብለው ወደ መኪናቸው ሄዱ። እህትማማቾቹ "ምን ሆኑ?" ብለው አዩኝ። በረዶውን ለዓሣቸው ሰጠኋቸው። የተረፈው ኮላቼ ከነከረጢቱ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል።

በማግስቱ ሱቅ ውስጥ ማንም ሳይኖር መጡ። የቀን መቁጠሪያው ፊት ቆሙ።

"አንብቢልኝ።"

የያዝኩላቸውን ስሞች አንድ በአንድ አነበብኩ። ለእያንዳንዱ ስም አንድ ነገር ይሉ ነበር። ይሄ በግራ በኩል ካልተቀመጠ ያጥወለውለዋል። ያቺ ጨለማ ትፈራለች፣ ግን አትናገርም፤ አጠገቧ ሆኖ የሚያወራት ሰው ያስፈልጋታል። እሱ ባለፈው ዓመት ሚስቱ ጥላው ሄዳ ነበር፤ ካላነሳው አይነሳበትም። አንብቤ ጨረስኩ። ባንኮኒው ላይ የተዘረጋውን መጽሐፌን ዘጋሁት።

"ለሁሉም ደውይላቸው" አሉ። "ኮዋ ይወስዳችኋል በያቸው። ልጁ ጥሩ መሪ ነው። ያልኩሽንም ለእሱ ንገሪው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ይወቅ።"

"እሺ ካፒቴን።"

"ነጩን ማን እንደለጠፈው ታውቂያለሽ?"

የቀን መቁጠሪያውን አቃናሁት።

"ታውቂያለሽ። ከአንቺ ቀድሞ የሚመጣ እሱ ብቻ ነው። ጫፉን ደግሞ ወደ ውስጥ አጥፎታል፣ በእርጥበት እንዳይላጥ። በጣቴ አግኝቼዋለሁ።" ባርኔጣቸውን አውልቀው ውስጡን አዩት። "አላመሰገንኩትም። ካመሰገንኩት እሱ ማወቁን እኔ አውቄያለሁ ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ ማን ይቀልድብኛል?"

"አሁንም ይቀልድብዎታል። እሱ አይተውም።"

"ይመስልሻል?"

"አምናለሁ።"

ውጭ የኮዋ ሞተር ሲነሳ ተሰማ፤ ጭንቅላታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። ከዚያ ባንኮኒውን በሁለት እጃቸው ያዙ። እንደ እንግዳ፣ ቦታ ሊጠይቅ እንደመጣ ሰው።

"ኖርማ፣ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ኮዋ ጋ ደውይና አንድ ቦታ ያዥልኝ። የሚቀር ሰው አይጠፋም፤ ክፍት ቦታ ባለበት ቀን ይሁን። ጦር አልይዝም፣ የጀልባውንም መሪ አልነካም፤ ከኋላ ተቀምጬ ሰው ሲያወራ እሰማለሁ። ራሴ ብጠይቀው እሱ ይቀልዳል፣ እኔ እቀልዳለሁ፣ ነገሩ እዚያው ይቀራል። አንቺ ጠይቂልኝ፣ ልጄ። ብዙም የማያይ ሽማግሌ ነው በይው። ኮላቼውን እሱ ይዞ ይመጣል በይው።"