አባቴና ሁለቱ የኤሌክትሪክ ሞተሮች

ትናንት ጠዋት ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል አወዳድሬ አንዱን ልገዛ ወጥቼ ነበር።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ያገለገሉበት ቤተ ክርስቲያን ጎንደር ዳገቱ ላይ ነው፤ የምንኖረው ግን አዘዞ። ጉልበታቸውን ከታመሙ ወዲህ የታክሲውን ግፊያ አልቻሉትም፤ ማሕሌት ከቆሙ ከርመዋል። ዜማውን ቤት ውስጥ ብቻቸውን ያዜማሉ። ቤንዚን እንደሆነ የለም። በኤሌክትሪክ እወስዳቸዋለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

ሻጩ ጎረቤታችን ነው። ጥቁሩ ባትሪው ብዙ ያስኬዳል፣ ቀዩ ደግሞ ጉልበት አለው አለኝ።

«ሁለቱንም አባትህን ጭነህ ሞክራቸው።»

በጥቁሩ ጀመርን። ገና ከሰፈር ሳንወጣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ጋ ስንደርስ...

«አቁም!»

«ምነው አባባ?»

«ታቦት ሳልሳለም ልለፍ?»

«እዚሁ ተቀምጠው ይሳለሙ እንጂ!»

«በበቅሎ የሚሄድ እንኳ ቤተ ክርስቲያን ሲያይ ይወርዳል። ባትሪ ነው ብዬ ልኮራ?»

ወረዱ፣ ተሳለሙ፣ እያቃሰቱ ወጡ። ጥቂት እንደሄድን ደግሞ «አቁም!»... ጎንደር የአርባ አራቱ ታቦት አገር መሆኗ እንደ ትናንት ታውቆኝ አያውቅም። ጭራሽ ጥቁሩ ዳገቱ ላይ ለገመ። እኔ ወርጄ ስገፋ አንዱ አላፊ «መሪጌታ፣ ገብስ ያብሉት!» ብሎ ሳቀብን። አባቴም ሳቁ። ተመልሰን ቀየርን።

ቀዩ ግን ዳገቱን እንደ ጉድ ወጣው። «ይሄስ ሸጋ ነው ልጄ» ሲሉኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። በልቤ ገዝቼዋለሁ። በየመንገዱ መውረድ መውጣቱ ግን አልቀረም፤ በወረዱ ቁጥር ማቃሰታቸው ይብሳል።

የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን በር ስንደርስ ትከሻዬን ያዙ። እግራቸውን ሊያነሱ ሞከሩ... እንቢ አለ። እንደገና ሞከሩ። ጉልበታቸው ደርቋል። ከበሩ ቆመው የሚሳለሙ ሴት ሊደግፏቸው ሲመጡ አባቴ እጃቸውን አወናጨፉ። ሲነኳቸው እንኳ ያማቸዋል።

«አባባ፣ ግድ የለም፣ እዚሁ ሆነው ይሳለሙ። እግዜር ያውቃል።»

«እሱማ ያውቃል። ተቀምጦ መሳለም የማላውቅበት እኔ ነኝ።»

ከውስጥ የቅዳሴው ዜማ ይሰማል። አባቴ አንገታቸውን ደፍተው «መልሰኝ» አሉኝ።

ቁልቁል ስንመለስ አንድም ቦታ «አቁም» አላሉም። በመስታወቱ ሳያቸው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለውታል። ቤት ስንደርስ እኔና ሻጩ ተሸክመን አወረድናቸው። አልጋቸው ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ሻጩ በር ላይ ጠብቆ «እህስ፣ የትኛው ተሻለ?» አለኝ።

«መውጣቱንስ ቀዩ ችሎታል... አባቴን ያቃታቸው ከላዩ መውረድ ነው» አልኩት።