የሐሙስ ባዶ ሰዓት

አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ነገር የሳምንቱን ዕቅድ ማስመር ነበር። እሑድ ከቀትር በኋላ ነው፤ ካዛንቺስ ባለችው ቤታችን፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ። ባለቤቴ ያለፈውን ወር የካላንደር ወረቀት ገንጥሎ በጀርባው ሰባት ዓምድ ያሰምራል። ሦስት እስክሪብቶ ነበረው። ቀዩ ለእሱ ጽሑፍ፣ ሰማያዊው ለትምህርት፣ አረንጓዴው ለመዝናኛ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የጀመርኩትን ፈረንሳይኛ በሰማያዊ ማክሰኞና ዓርብ ላይ አሰፈረልኝ። ቅዳሜ በእግራችን እስከ ኡራኤል ሄደን ማኪያቶ እንድንጠጣ በአረንጓዴ ጻፈ። ሐሙስ ከአሥራ አንድ እስከ አንድ ሰዓት ያለውን ግን እንደ ልማዱ ምንም ሳይጽፍበት በድርብ መስመር ከበበው።

ማክሰኞ ጠዋት ሞተ። ወረቀቱ አሁንም ፍሪጁ በር ላይ እንደተለጠፈ ነው።

በዚያ ባዶ ሳጥን በትዳራችን ዘመን ብዙ ቀንቻለሁ። ምንድን ነው ስለው «ተዪው፣ ይተንፍስ» ይለኝ ነበር። ድሮ ሐሙስ ከመሥሪያ ቤት በቀጥታ ወደዚያ ወደማላውቀው ቦታ ይሄዳል፤ አንድ ሰዓት ላይ ፊቱ ቀሎት ይመለሳል። ልቦለድ እንደሚጽፍ አውቃለሁ። አንድ ገጽ ግን አያስነብበኝም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት አንደኛውን ምዕራፍ ሰጠኝ። የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። ፊደሉን፣ ነጥቡን፣ የላላውን ዓረፍተ ነገር ሁሉ በቀይ አረምኩና እጄ ስለለመደ ብቻ ግርጌው ላይ «14/20፣ በርታ» ብዬ መለስኩለት። በዚያን ቀን ከልቡ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ግን መልሱ አንድ ብቻ ሆነ፤ «ሲያልቅ ታነቢያለሽ።»

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ገና ሳስተምር፣ ከምርጫው በኋላ በነበሩት ወራት ከክፍል አስጠርተው ወሰዱኝ። በቀበሌያችን የምርጫ ጣቢያ ታዛቢ ነበርኩ። መኪናው ውስጥ ስቀመጥ ጠመኔው ከእጄ አልወጣም ነበር።

ያስገቡኝ ክፍል በርዝመቱ ሰባት እርምጃ ነው፤ በወርዱ አራት። ከእኔ ጋር አሥራ ዘጠኝ ሴቶች ሆንን። የእርጥብ ብርድ ልብስና የሽንት ባልዲ ሽታ አለው። ከላይ ባለችው ጠባብ መስኮት «ለገሃር፣ ለገሃር» የሚሉ የታክሲ ረዳቶች ድምፅ ይገባል። ካቧ፣ ማለት የክፍሉ አለቃ፣ ሽንኩርት ነጋዴ የነበረች ወፍራም ሴት ናት። የምተኛበትን ስንዝር ለክታ አሳየችኝና «መምህርት፣ እዚህ ቤት ዝም ብሎ መቀመጥ የለም፣ ፕሮግራም አለን» ብላ ወደ ግድግዳው ጠቆመችኝ።

የብስኩት ካርቶን ተዘርግቶ በሊጥ ተለጥፏል። ሰባት ዓምድ በከሰል ተሰምሯል። ጠዋት ፊደል ላልቆጠሩት ትምህርት። ከምሳ በኋላ ዳንቴል። ቀጥሎ ከዳቦ በተድቦለቦሉ ጠጠሮች ገበጣ። ከማታው የእስረኛ ቆጠራ በኋላ ተረክ፤ ይኸኛው በድልህ ቀይ ተደርጎ ተጽፏል። ከገበጣው በኋላ ምንም ያልተጻፈበት፣ በድርብ መስመር የተከበበ አንድ ሰዓት አለ።

ይህን ማን እንዳወጣው ጠየቅሁ። ጥግ ላይ ዳንቴል የምትሠራ ቀጭን ልጅ ቀና አለች። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው።

«ይህ ባዶው ምንድን ነው?» አልኳት።

«እሱ? በቃ ይተንፍስ ብዬ ነው፣ ቲቸር» አለችኝ።

ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩ። ቤቴን፣ ተማሪዎቼን፣ ምን እንደሚጠብቀኝ ማሰብ የነበረብኝ ሴትዮ የማስበው የልጅቷን ጣቶች፣ የልጅቷን አንገት ሆነ።

ከቆጠራ በኋላ ልጅቷ መሀል ላይ ተቀመጠች። ሌሎቹ ቀድመው ሦስት ቀን ሰምተዋል። ታሪኩ ስለ አንድ የለገሃር ጡረተኛ ነው። ባቡሩ መምጣት ካቆመ በኋላም በአሮጌው የባቡር ሰዓት እየተነሳ ጣቢያው ይሄዳል። ሚስቱ ቁርሱን ጠቅልላ ትሸኘዋለች፤ አንድም ቀን ባቡር የለም ብላው አታውቅም። ይህች ሚስት ብርቱካን ስትልጥ ልጣጩ እንዳይበጠስ ትንፋሿን ትይዛለች።

ትንፋሼን የምይዘው እኔ ነኝ። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው።

አጠገቤ ልጇ የት እንደተወሰደ የማታውቅ ሴት ነበረች። ቀኑን ሙሉ እህል አትቀምስም። በተረኩ ሰዓት ግን ሳታስበው ዳቦ እየቆረሰች ትጎርሳለች፤ ካቧም ሆን ብላ ዳቦውን ጭኗ ላይ ታስቀምጥላታለች። በዚያን ቀን ይህን አይቻለሁ፤ ግን ልብ አላልኩትም። ጆሮዬ ሌላ ነገር ይዞ ነበር።

በማግስቱ ስንቅ ገባ። የምሳ ዕቃዬ ክዳን ላይ ባለቤቴ ነጭ ፕላስተር ለጥፎ ስሜን ጽፎበታል። ስንቅ የምታድለው ያቺው ልጅ ነበረች። ፕላስተሩን አየችና ዕቃውን ሳትሰጠኝ ቆመች። ባዶው ሰዓት እስኪደርስ ጠብቃ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ቲቸር፣ ይህን የእጅ ጽሑፍ አውቀዋለሁ። ሁለት ዓመት ሳየው የኖርኩት ነው።»

«የት?»

«ኦሎምፒያ። ኮምፒውተር ጽሕፈት ነው የምሠራው። ሐሙስ ሐሙስ በአሥራ አንድ ሰዓት ይመጣሉ። እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ እተይባለሁ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሳያልቅ ባለቤቴ ጆሮ እንዳይደርስ ይሉኝ ነበር። ማርክ ትሰጠኛለች እያሉ ይስቃሉ። እኔ እርስዎ መሆንዎን በምን ልወቅ?»

ዕቅድ አወጣጡንም ከእሱ ተምራ ነበር። የማታ ትምህርትና ሥራ አልገጥም ብሏት ስታለቅስ አይቶ በአንድ ወረቀት ጀርባ አስምሮላታል። የተያዘችው ሱቁ ውስጥ በራሪ ወረቀት ተተይቧል ተብሎ ነው። ኮምፒውተሩንም፣ እዚያው የሚተወውን የእጅ ጽሑፉንም ወስደዋል፤ የእሱ ሁለት ዓመት ሐሙስ አብሮ ሄዷል።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሴቶች የሚፈሩት ያ ነገር ቢሆን ኖሮ ግን እንዴት እንደምቆጣ አውቅ ነበር። ይህኛውን አላወቅሁበትም። እኔ በሩ ሥር ስጠብቅ የኖርኩትን ነገር ይህች ልጅ ቁጭ ብላ፣ ከአፉ፣ ትኩሱን ሰምታዋለች።

ያን ዕለት ከቆጠራ በኋላ አፏን ስትከፍት «አታውሪ፣ የሰው ነው» አልኩ።

ካቧ ዞራ አየችኝ። «የማን ነው?»

«የእኔ።»

«አንቺ ጽፈሽው ነው?»

«አይደለም።»

«አንብበሽዋል?»

«አላነበብኩትም።»

«እና ምኑ ነው ያንቺ?»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ዳንቴሏን አንስታ ወደ ጥጓ ተመለሰች፤ እኔን አክብራ ሦስት ቀን ዝም አለች። ከቆጠራ በኋላ ያለው ሰዓት ረዘመ። ሴቶቹ ጣሪያ እያዩ ይቀመጣሉ። ካቧ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቀይ መስመር በአውራ ጣቷ ጠረገችው። «መምህርት ብቻዋን ቀንታ አሥራ ስምንት ሰው ታሰረ» አለች፤ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው።

በሦስተኛው ቀን የዚያች ልጇ የጠፋባት ሴት ጭን ላይ ያለው ዳቦ እንደተቀመጠ ደርቆ አየሁት። የዛሬ ብቻ አልነበረም። የትናንቱም፣ የትናንት ወዲያውም ሥሩ አለ።

ተነስቼ ልጅቷ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ። «ከቆምሽበት ቀጥይ» አልኳት።

«እርስዎስ? ለእሳቸው ቃል ገብቻለሁ እኮ።»

«እኔ አልሰማም።»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ነጠላዬን በጆሮዬ ላይ ጠቅልዬ ጣቶቼን ከላይ ተጫንኩ። ካቧ አንድ ነገር ተናግራ ቀለደችብኝ፤ ትከሻዎቻቸው ሲንቀጠቀጡ በጎን አየሁ። ከዚያ ሁሉም ወደ ልጅቷ ዞሩ። የሰማሁት የራሴን ደም ጉምጉምታ ብቻ ነው። ይህን አምስት ቀን አደረግሁ። ክንዴ ይደነዝዛል፣ አላወርደውም። በአራተኛው ቀን ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲስቁ በጀርባዬ ተሰማኝ። ዞር ስል ዳቦ የማትበላዋ ሴት አፏን በእጇ ይዛ እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች፤ ጭኗ ላይ ፍርፋሪ ብቻ ቀርቷል። በዚያ ሳቅ እንደቀናሁት በምንም ቀንቼ አላውቅም። ጣቴን ግን አላላላሁም።

በስድስተኛው ቀን ልጅቷን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷት። እኔ ከአንድ ወር በኋላ ተፈታሁ። ባለቤቴ የጠፋውን እንደገና በእጁ መጻፍ ጀመረ፤ ሳያልቅ ዳግመኛ እንደማያስተይብ ነገረኝ። ሐሙስ ባዶ ሆኖ ቀጠለ፤ አሁን ግን በዚያ ሰዓት መስኮቱ ሥር ይቀመጣል፤ በሩንም አይዘጋም። ስለ ልጅቷ አላነሳሁበትም። ምን እንደሰማሁና ምን እንዳልሰማሁ ሳይጠይቀኝ፣ ሳልነግረው ቀረ። ዝምታዬ ክብር ይሁን ቅናት ዛሬም አላውቅም።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ድንኳን ውስጥ ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች። ቀጭን አይደለችም አሁን፤ ያወቅኋት በጣቶቿ ነው። ኦሎምፒያ የራሷን ጽሕፈት ቤት ከፍታለች። ስትነሳ ጎንበስ ብላ «ቲቸር፣ የእሳቸው ጽሑፍ ካለ ሐሙስ ይዘውት ይምጡ» አለችኝ።

መሳቢያው ውስጥ አራት ደብተር አገኘሁ። መጨረሻው ላይ «አለቀ» የሚል የለም።

ፈረንሳይኛውን ትቼዋለሁ። ቅዳሜ ወደ ኡራኤል አልሄድም። ቀይ እስክሪብቶ ቤት ውስጥ የለም፤ ለጎረቤት ልጆች ሰጠሁት። የእጅ ጽሑፉ ያስቸግረኛል፤ አንድ ቃል ላይ ስቆም እሷ ከኮምፒውተሩ ዓይኗን ሳታነሳ ትለዋለች፤ ያን ጊዜ ደረቴ ላይ የቆየው ነገር አሁንም ጠቅ ያደርገኛል። እነዚያ ሴቶች ምን ላይ እንደሳቁ ጠየቅኋት። «ሲደርስ ያውቁታል» አለችኝ። ገና አልደረስንም።

ሐሙስ በአሥራ አንድ ሰዓት ደብተሩን ይዤ እሄዳለሁ። እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትተይባለች።