ያልተጠመዘዘው አግዳሚ

ማንበብ የተማርኩት ጢም ካበቀልኩ በኋላ፣ በማታ ትምህርት፣ ያውም በአማርኛ ነው። በእናቴ ቋንቋ ልማር ብል ማን ያስተምረኛል? ትግርኛ ከትምህርት ቤት ተባሮ ነበር። ቂሜ አሁንም አለ። ፊደሉን ግን ያዝኩት፤ ጥቅሙንም ገጀረት ሰፈር፣ ግንባታ ላይ አየሁ።

ከመሀል አገር የመጣ ሹም እዚያ ቤት ያሠራ ነበር፤ የፕላኑ ማስታወሻ በአማርኛ የተጻፈው ለዚያ ነው። ቤቱ ከፊት ረጅም የኮንክሪት አግዳሚ አለው። መሀሉ ላይ ፑትሬላ የምንለው ወፍራም ብረት ይገባና ዙሪያው በፌሮና በኮንክሪት ይሸፈናል። በአንድ ጎኑ ብቻ በረንዳ ይንጠለጠልበታል። አለቃችን ካፖው ፕላኑን ወረወረልኝ።

«የምትማረው ለዚህ አይደል? አንብብና እሰር። ከሥሩ የሚቆመው የእንጨት ድጋፍ ሲነሳ አግዳሚው ቀጥ ካለ የፌሮው ሥራ ኃላፊ አንተ ነህ። ከተጠመዘዘ ሲሚንቶ ትሸከማለህ።»

ጣቴን ከመስመሩ ሳላነሳ አነበብኩ። «ስታፋው በፑትሬላው ዙሪያ ይዘጋ፤ ጫፎቹ ወደ ውስጥ ይታጠፉ» ይላል። ስታፋ ፌሮዎቹን የሚያቅፈው ቀጭን ብረት ነው። እኛ ደግሞ ፑትሬላ ካለ መዝጋቱ ስለሚያስቸግር ከላይ ክፍት እንተወው ነበር። ፕላኑን የነደፈውን ኢንጂነር ለምን ብዬ ጠየቅሁት። እርጥብ ጨርቅ አንስቶ ጠመዘዘልኝ፤ «በረንዳው አግዳሚውን እንዲህ ያደርገዋል። ክፍት ስታፋ አይዘውም» አለኝ።

አንጋፋው ፌሮ አሳሪ ዙሪያውን የዘጋሁትን ስታፋ አይቶ ሳቀብኝ።

«አንታ ፕሮፌሶሬ! ቀለበት ለሙሽራ ነው!»

«እወ፣ አግዳሚውን እየዳርኩት ነው» አልኩና ማጠፌን ቀጠልኩ። እጄ እስኪደማ ሁሉንም ዘጋሁ።

በእኛ ልማድ የመጨረሻውን ድጋፍ የሚጥለው ፌሮውን ያሰረው ሰው ነው፤ እዚያው ሥር ቆሞ። ኮንክሪቱ ሲጠነክር ሁሉም ገለል አሉልኝና ብቻዬን ገባሁ። ካፖው በአግዳሚው ፊት ቀጥነት የሚለካበትን ቱምቢ በክር አንጠለጠለ። እኔም ድጋፉን በመዶሻ መታሁት። ድጋፉ ወደቀ፣ አቧራው ፊቴ ላይ ዘነበ።

ካፖው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ክሩን አየ። በእጁ ስንጥቅ ፈለገ።

«ቀጥ ብሏል» አለ።

በረንዳው ላይ ወጥቼ ዘለልኩበት! መንገደኛ ሁሉ ቆሞ አየኝ፤ ይየኝ!

በማግስቱ አንጋፋው ሌላ ፕላን ይዞ መጣ። «ሓወይ፣ እዚህ ጋ ምን ይላል?» ወንድሙ የሆንኩት ገና ያን ቀን ነው። አነበብኩለት፤ ግን ሻሂዬን ረጋ ብዬ ጠጥቼ ከጨረስኩ በኋላ።