ለንስሐ አባት ብቻ የተነገረው ብርሃን

ቅዳሜ ጠዋት ከባሕር ዳር ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ረዳት አብራሪ ነኝ፤ ጎጃምን የማውቀው ከላይ ነው። ባለፈው ክረምት ሌሊት በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ስንበር፣ ከእኛ በታች ተሰልፈው የሚሄዱ መብራቶች አየሁ። የበረራ ተቆጣጣሪዎቹ ሌላ አውሮፕላን የለም አሉ። አጠገቤ የነበረው ካፒቴን ደግሞ "ምንም አላየሁም" አለ። ከዚያ ወዲህ ባልደረቦቼ "ሕልመኛዋ" ይሉኛል። ቀልዱን እችለዋለሁ፤ ያስፈራኝ የገዛ ዓይኔን መጠራጠሬ ነው። ዓይኑን የማያምን ሰው መብረር የለበትም። ስለዚህ አንድ ምስክር ፍለጋ ሄድኩ፤ ካጣሁ ሥራውን ልተወው ወስኜ ነበር።

ዱርቤቴ ላይ ሻይ ጠጥተን ቡሬ ስንደርስ መኪና ቀየርኩ። ሁለተኛው መኪና የበርበሬ ጆንያ ጭኖ ስለነበር እስከ ማንኩሳ ድረስ ስናነጥስና "ይማርሽ፣ ይማርህ" ስንባባል ሄድን። ልቤ ግን እንደ መጀመሪያ በረራዬ ቀን ይመታ ነበር።

ከማንኩሳ ወዲያ

አያ ሙሉነህ የሚባሉትን ገበሬ ያገኘኋቸው በቆሎ ከሚጠብቁበት ማማ ሥር ነው። ሌሊቱን እዚያ ላይ የሚያድር ሰው ሰማዩን ሳያይ አይቀርም ብዬ ጠየቅኳቸው።

"እኔ ጃርት ነው የምጠብቅ፣ እህቴ። ሰማዩን ባለቤቱ ይጠብቀዋል።" "ያየሁት ቢኖርም ለንስሐ አባቴ ነው የምናገር" አሉ።

ሌሎቹ የመንደሩ ሰዎችም ያንኑ መልስ ሰጡኝ። የሁሉም ንስሐ አባት ወደሆኑት ቄስ አድማሱ ሄጄ መስቀል ተሳለምኩ።

"አባቴ፣ ስለ መብራቱ የነገሩዎት ነገር አለ?"

"የሰማሁትን ባወጣ ምኑን ቄስ ሆንኩት፣ ልጄ?" ፈገግ አሉ። "ያንቺን ግን ማንም አልከለከለሽም። ነገ ሰንበቴ አለን፤ ነይና ተናገሪው።"

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሲቀዳ ተነሣሁ። መብራቶቹን ማየቴን፣ መፍራቴንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ቄሱ ዋንጫቸውን ያያሉ።

"ወደ ምሥራቅ ነው የሄደ?" አሉ አያ ሙሉነህ።

"አዎ።"

ሚስታቸው ዞር አሉ። "አይተኸው ኖሯል? ለእኔ ሳትነግረኝ?"

"አንቺስ ነግረሽኛል?"

ከዚያ ማን ይመልሳቸው! ለካ ሁሉም አይቷል፤ ሁሉም በእሱ ላይ ብቻ የመጣ የእግዚአብሔር ቁጣ መስሎት ንስሐ ገብቷል። አንዱማ የገፋውን የጎረቤቱን ድንበር መልሷል። ጎረቤትየው "እኔስ ምን ነካው እያልኩ ነበር" ሲል ሰንበቴው በሣቅ ተናጋ። እኔ በደስታ አለቀስኩ። መብራቱ ምን እንደነበር ግን አንዳችንም አናውቅም።

አዲስ አበባ

ይህ መንገድ ያስተማረኝ፣ ሰው የሚፈራውን እንዲነግርህ አስቀድመህ የራስህን መንገር እንዳለብህ ነው። በማግስቱ ሰኞ ካፒቴኑን ሻይ ቤት አገኘሁት። አይተሃል ወይ ብዬ አልጠየቅኩትም። የሰንበቴውን ነገር ብቻ፣ ፍርሃቴን ጨምሬ አጫወትኩት።

ብርጭቆውን ሲያሽከረክር ቆየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የመጨረሻዋ መብራት ልትጠፋ ስትል ቀይ ሆነች፣ አይደል?" አለኝ።

ቀይ መሆኗን እኔም አይቻለሁ፤ ይህን ግን ሰንበቴው ላይም ሆነ ለማንም አልተናገርኩም ነበር።